ግማሽ ሰፌድ በወሎ ሰማይ፦ ስለ ኮከብ ዱካ ፎቶግራፍ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ያንተ ነገር ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስለ ኮከብ ዱካ ፎቶግራፍ የተጻፈ ነው፤ ካሜራን በሌሊት አቁሞ፣ ምድር ስትዞር ከዋክብት በሰማይ ላይ የሚያሰምሩትን መስመር ስለ መቅረጽ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ማየት ብርቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። ስጨርሰው ሻዬ ቀዝቅዞ እኔ ግን ግዬ ነበር።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። የኮከብ ዱካ ማለት የሰሜን ኮከብን መሐል ያደረገ ሙሉ ክብ ነው፤ በወሎ ግን የሰሜን ኮከብ ዝቅ ስለሚል ጥሩ ዱካ አይገኝም። ውድ ካሜራና ኮከብ የሚከተል ሞተር የሌለው አማተር ባይደክም ይሻለዋል። የካሜራውን መዝጊያ ከፍቶ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መተው ነው እንጂ፣ ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረብ የኮምፒውተር ማታለል ነው። ጨረቃ ባለችበት ሌሊት መውጣት ከንቱ ነው። የወሎን ሰማይ ደመናና አቧራ ስለማይለቀው መለማመድ የሚሻ ሰው ወደ አፋር በረሃ ይውረድ። ከጽሑፉ ጋር «በሐይቅ ላይ የተነሳ» (ደሴ አቅራቢያ ባለው፣ ሐይቅ በተባለው ስፍራ ማለት ነው) የሚል መግለጫ የተሰጠው አንድ ፎቶም አለ፤ ወደ እርሱ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌሊት ሲመቸኝ ካሜራና ጋቢ ይዤ እወጣለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። ጸሐፊው ግን «አማተር» እያሉ የሚመክሩት እንደ እኔ ያለውን ሰው ስለሆነ መልስ የመስጠት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ከክቡ እንጀምር፤ ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚቀዳው ከዚያ ነው።

የሰሜን ኮከብ በወሎ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ ጸሐፊው የተናገሩት እውነት ነው። ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ የቆምንበትን ቦታ ኬክሮስ ያህል ነው። ደሴና ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ ላሊበላ 12 ዲግሪ ላይ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን ብትጨብጡ የጡጫችሁ ስፋት በሰማይ ላይ ወደ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። በእኛ ሰማይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ አንድ ጡጫ ፈቅ ብሎ ነው ያለው። ለንደን ወይም በርሊን ላይ ቢቆጥሩት አምስት ጡጫ ይሞላል።

አሁን የእናቶቻችንን ሰፌድ አስቡ። ከመሐሏ እንብርት ተጀምሮ ዙር በዙር ላይ እየተጠመጠመ የሚሰፋውን። ለንደን ላይ ያ ሰፌድ ሙሉውን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሆኖ ይታያል። እኛ ዘንድ ሰፌዱ እስከ እንብርቱ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መሬት ውስጥ ተተክሏል። ከአድማስ በታች ሳይወርዱ ሙሉ ክብ የሚዞሩት ከዋልታው፣ ማለትም ሰማዩ ዙሪያውን ከሚዞርበት ነጥብ፣ በ11 ዲግሪ ክልል ውስጥ ያሉት ጥቂት ከዋክብት ብቻ ናቸው። የቀሩት በሰሜን ምሥራቅ ከምድር ይነሳሉ፣ በዋልታው አናት ላይ ይሻገራሉ፣ በሰሜን ምዕራብ ይጠልቃሉ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ ካሜራ የሚያገኘው ከመሬት ተነስቶ መሬት የሚገባ ቅስት ነው፤ ትንሿ ቅስት በትልቋ ውስጥ፣ ትልቋም ከእርሷ በምትበልጠው ውስጥ። ከሥሩ አንዲት ጎጆ ቢያስቀምጡበት የጣሪያው ቁልቁለት በሰማዩ ተደግሞ ይታያል። ጸሐፊው ይህን «ያልተሟላ» ብለውታል። ያልተሟላው ከምን አንጻር ነው? ለአምስት ጡጫ ሰማይ ከተጻፈ መመሪያ አንጻር ከሆነ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

እግረ መንገዴን አንዲት ትንሽ እርማት። የሰሜን ኮከብ «ፈጽሞ አይንቀሳቀስም» ተብሏል። ይንቀሳቀሳል። ከእውነተኛው ዋልታ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ ይርቃልና፣ ረጅም ሰዓት ለቆየ ካሜራ እርሱም ጥፍር የምታህል ቅስት ይጽፋል።

ይልቅስ ጸሐፊው ያልነገሩን ነገር ይብሳል። ካሜራውን ከሰሜን ማዞርም ይቻላል! ለወሎ ሰው ትልቁ ሀብት ያለው በምሥራቅ፣ በምዕራብና በደቡብ ነው።

ምድር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ ይህም በሰዓት 15 ዲግሪ ይመጣል። ግን ሁሉም ኮከብ በእኩል ፍጥነት መስመሩን አያስረዝምም። ከዋልታው 20 ዲግሪ ርቆ ያለ ኮከብ በአንድ ሰዓት የሚያሰምረው 5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ በሰማይ ላይ በሚያልፈው መስመር) ላይ ያለው ግን 15ቱንም ያሰምራል። ሦስት እጥፍ ነው። የሰማይ ወገብ ደግሞ በወሎ ከአናታችን ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። ወደ ምሥራቅ የዞረ ካሜራ በግማሽ ሰዓት የሚያገኘውን ርዝመት፣ ወደ ሰሜን የዞረው በአንድ ሰዓት ተኩል ያገኘዋል ማለት ነው። ብርድ ለሚፈራ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ቅርጹም ሌላ ነው። በምሥራቅ ከዋክብቱ ቀጥ ብለው ሊባል በሚችል ሁኔታ ይወጣሉ፤ ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉት በ11 ዲግሪ ብቻ ነው። ሰፋ ያለ ሌንስ ላለው ደግሞ መሐሉ ቀጥ ያለ፣ ግራው ወደ ሰሜን፣ ቀኙ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ መስመር ይመጣል፤ ሁለት ሰፌድ ጀርባ ለጀርባ እንደተያያዘ ዓይነት። ይህንን ስዕል እንዲህ ሚዛኑን ጠብቆ ማግኘት የሚችለው ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። የበርሊኑ ሰው ከዋክብቱ ሁሉ ተንጋደው ነው የሚወጡበት።

ምሳሌ ልስጥ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ በምሥራቅ ከተራራው በላይ ይታያል። ካሜራችሁን ወደዚያ አቁሙና አርባ ደቂቃ ታገሡ። መሐል ላይ የመቀነቱ ሦስት ከዋክብት ሦስት የተጠጋጉ መስመሮች ይሰጧችኋል። በግራ በኩል ቤቴልጅዩዝ ቀላ ያለ፣ በቀኝ በኩል ራይጀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መስመር ያሰምራሉ። ቀለሙ የካሜራው ፈጠራ አይደለም፤ ቤቴልጅዩዝ ከራይጀል ይልቅ ላዩ ቀዝቃዛ የሆነ ኮከብ ስለሆነ ነው። በዓይን ሲታይ ለዘብ ያለው ልዩነት መስመር ሲሆን ቁልጭ ይላል።

ሌላው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ጥምቀት በሚውልበት ሰሞን፣ ታቦቱ ከውኃው ዳር ሲያድር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ደቡብ መልሱ። የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ከዋክብት በአድማሱ ላይ፣ ሁለት ጡጫ በማይሞላ ከፍታ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። በዚያች ሰዓት ነው ጫፋቸው የሚደርሱት፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ማዘንበል ይጀምራሉ። ጎሕ ሳይቀድድ የግማሽ ሰዓት ያህል ጨለማ ይቀራችኋል። የዚያን ጊዜ የሚነሳ ዱካ ወደ ላይ የጎበጡ ዝቅተኛ ቅስቶችን ይሰጣል፤ የደቡቡ ዋልታ ከእግራችን በታች 11 ዲግሪ ተቀብሯልና። አውሮፓዊው መመሪያ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ የደቡብ መስቀል ለእነርሱ ጭራሽ አይወጣምና።

ስለ ሞተሩ ረጅም መልስ አያስፈልግም። ጸሐፊው «ኮከብ ተከታይ ሞተር» እንድንገዛ መክረዋል። ያ ሞተር ሥራው ካሜራውን ከምድር ዙረት በተቃራኒ እያዞረ ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው እንዲቀሩ ማድረግ ነው። ማለትም ዱካውን ያጠፋል። የኮከብ ዱካ ለማንሳት እርሱን መግዛት፣ ጠላ ለመጥመቅ ፈልጎ ብቅሉን እንደ መጣል ነው። መሣሪያው ለፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ) እና ለሩቅ ጋላክሲዎች ፎቶ ጠቃሚ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን ጥበቦች ያቀላቀሉ ይመስለኛል። ይህ መቀላቀል በጨረቃው ጉዳይም ይደገማል።

ለዱካ የሚያስፈልገው መዝጊያውን ለ30 ሰከንድ ከፍቶ መያዝ የሚችል ማንኛውም ካሜራ፣ አብሮት የሚመጣው 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ፣ የማይወዛወዝ ማቆሚያና መቆለፍ የሚችል ባለ ገመድ ሪሞት ነው። ሪሞቱ ከጠቅላላው ዕቃ ርካሹ ሲሆን ጥቅሙ ግን የሁሉም ያህል ነው። ማቆሚያ የሌለው ድንጋይ ላይ ጤፍ ወይም አሸዋ የሞላ ከረጢት አስቀምጦ ካሜራውን ቢያደላድልበት ይበቃዋል፤ እኔ ሁለት ዓመት ያነሳሁት እንዲያ ነው። የዛሬ ስልኮችም አንዳንዶቹ የኮከብ ዱካ ማንሻ አብሯቸው ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ። አንድ ረጅም ፎቶ ወይስ ብዙ አጫጭር?

የመጀመሪያውን የኮከብ ዱካዬን ያነሳሁት በፊልም ነው፤ ከአጎቴ በወረስኩት የሩሲያ ዜኒት ካሜራ፣ ደሴ ከግቢያችን በረንዳ ላይ፣ መዝጊያውን አርባ ደቂቃ ከፍቼ። ፊልሙን ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ስመለስ ሠላሳ አምስት ፎቶ ሰጡኝና «አንዱ ተቧጭሮ ስላገኘነው አላተምነውም» ብለው ሒሳቡን ቀነሱልኝ። የተቧጨረው ዱካዬ ነበር። ኔጌቲቩን ይዤ ተመልሼ «ጭረቱን እትሙልኝ» ስል የሰውየው ፊት ምን ይመስል እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ይህን ያነሳሁት ጸሐፊው የሚመክሩት ስልት ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ነው። በፊልም ዘመን ትክክል ነበር። ፊልም ብርሃን ሲረዝምበት ይደክማል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የተቀበለውን ያህል በሠላሳኛው አይቀበልም። ስለዚህ ሰማዩ ቶሎ አይነጣም። ዲጂታል ካሜራ እንዲህ ያለ ድካም አያውቅም። አንድ ሰዓት ከከፈቱት የሰማዩን ጭላንጭል፣ የከተማውን ነጸብራቅ፣ ሁሉንም እኩል እያጠራቀመ ፎቶውን እንደ ወተት ያነጣዋል። ብርሃን መቀበያው እየሞቀ ሲሄድ ደግሞ ኮከብ ያልሆኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦችን ይዘራበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ እኔም ዓመታት ስቼዋለሁ። ብዙ ሰዓት መክፈት ዱካውን ያስረዝመዋል እንጂ አያደምቀውም። ከላይ በጠቀስኩት ሌንስ ኮከቡ ከብርሃን መቀበያው አንዷ ነጥብ ላይ የሚቆየው ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ነጥብ ያልፋል። ያቺ ነጥብ ድርሻዋን በሦስት ሰከንድ ተቀብላ ጨርሳለች፤ ከዚያ በኋላ መዝጊያው ሠላሳ ሰከንድም ሆነ ሦስት ሰዓት ክፍት ቢሆን የምትቀበለው ባዶውን ሰማይ ብቻ ነው። ዱካው እንዲደምቅ የፈለገ የሌንሱን ቀዳዳ ያስፋ ወይም አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ያድርግ። ጸሐፊው ግን «ደብዛዛ ከሆነ ሌላ ሰዓት ጨምሩ» ብለዋል። የሚጨምሩት ሰዓት የሚያደምቀው ሰማዩን ነውና ዱካው ይባሱን ይደበዝዛል።

የመደራረቡ አሠራር ይኸውላችሁ። ሌንሱ በ18 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው እስከሚሰፋበት ድረስ፣ አይኤስኦ ከ800 እስከ 1600፣ እያንዳንዱ ፎቶ 30 ሰከንድ። ካሜራው በተከታታይ ማንሻ ላይ ይሁንና ሪሞቱ ይቆለፍ። በአንድ ሰዓት 120 ፎቶ ገደማ ይገኛል። ቤት ገብታችሁ እንደ ስታርስታክስ ባለ ነፃ ፕሮግራም ታደራርቧቸዋላችሁ። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ ከ120ው ፎቶዎች ውስጥ በጣም ብሩህ የሆነችውን መርጦ ያስቀምጣል። ያልነበረ ኮከብ አይፈጥርም፣ የነበረውን አያንቀሳቅስም። ማታለል የተባለው ይህ ከሆነ፣ ከ120 ደረሰኝ ድምር የሚያወጣ የሒሳብ ሠራተኛም አታላይ ነው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ በሙያዬ አልደራደርም።

ጥቅሙን ያወቅሁት በኪሳራ ነው። አንድ ሌሊት በሐይቅ ዳርቻ በጸሐፊው ስልት፣ አንድ ሰዓት ልከፍት ተነስቼ፣ በ43ኛው ደቂቃ አንድ የጭነት መኪና መጠምዘዣው ላይ መብራቱን ሙሉ በሙሉ ሌንሴ ውስጥ ደፋው። ፎቶው አለቀ። ተደራራቢ ፎቶዎች ቢሆኑ ኖሮ የሚበላሹት አንዱ ወይም ሁለቱ ነበሩ። አውሮፕላንና ሳተላይት ሲያልፍም እንዲሁ፤ መስመሩን ከዚያች አንዲት ፎቶ ላይ አጥቁሮ ማጥፋት ይቻላል።

መደራረብ የራሱ ወጥመድ እንዳለው አልክድም። የመጀመሪያው ድርድሬ መስመር ሳይሆን የተቆራረጠ የመርፌ ስፌት ሆኖ ወጣብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ካሜራው ለረጅም ፎቶ የሚያደርገውን የነጠብጣብ ማጽጃ አላጠፋሁትም ነበር፤ እርሱ ከእያንዳንዱ 30 ሰከንድ በኋላ መዝጊያውን ዘግቶ ሌላ 30 ሰከንድ ለራሱ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ኮከቡ አይጠብቅም። ማጽጃውን ማጥፋት፣ የሌንሱን ራስ-ሰር ማነጣጠሪያ (ኦቶፎከስ) ም ማጥፋት። ማነጣጠሩን ደግሞ ጸሐፊው እንዳሉት ሌንሱ ላይ ባለው የመጨረሻ ምልክት አትመኑት፤ ምልክቱ በትክክል የሚገጥምበት ሌንስ ጥቂት ነው። አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ፣ ነጥቧ ከሁሉ እስክታንስ አዙራችሁ፣ ቀለበቱን በፕላስተር እሰሩት።

ጨረቃ። ጨረቃ የምትጠላው ፍኖተ ሐሊብን ለሚያነሳ ሰው ነው። ለዱካ ግን ወዳጅ ናት። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከዋክብቱ ይምጡ እንጂ መሬቱ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል፤ ተራራው፣ ዛፉ፣ ውኃው የለም። ግማሽ ጨረቃ ከጀርባችሁ ስትሆን የአምባሰልን ገደል ድርብርቡን ሳይቀር ታሳያለች፤ የሚጠፉት ደካማዎቹ ከዋክብት ብቻ ናቸው፤ ያ ደግሞ ዱካው እንዳይጨናነቅ ይረዳል። ሙሉ ጨረቃ ትበዛለች፤ እርሷን ከግማሿ ጋር አንድ ላይ መኰነን ግን ተገቢ አይደለም። ወሎ ውስጥ የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። የሒጅራው ወር ስንተኛ ቀን እንደሆነ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። ሰባተኛው ቀን ከሆነ ጨረቃዋ እኩለ ሌሊት አካባቢ ትጠልቃለች፤ መሬቱን በእርሷ ብርሃን አንስቶ፣ ሰማዩን ከእርሷ በኋላ መቀጠል ይቻላል።

ደመናና አቧራን በሚመለከት ጸሐፊው በየትኛው ወር እንደመጡ አልነገሩንም። በሐምሌ ከሆነ ልክ ናቸው። በየካቲትና በሚያዝያ መካከልም ቢሆን በልግ አለና ሰማዩ አይታመንም፤ ይህን ቢጠቅሱ ኖሮ አመሰግናቸው ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ሲያልፍ ስንቶቻችን ነን ሰማዩን እያየን የተጨነቅነው! ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የወሎ ሌሊት የሚያውቅ ሰው «ደመና የማይለቀው» የሚል ቃል ከብዕሩ አይወጣም። ውርጭ የሚጥለው እኮ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ነው። ከፍታውም አለ። ደሴ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ይበልጣል። የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ መትከያነት ሲጠኑ የቆዩት ለሌላ አይደለም። አፋር በረሃ ያማረ ሰማይ አለው፤ እኔም እመኘዋለሁ። ግን በሙቀቱ የካሜራው ነጠብጣብ እንደሚብስ፣ ነፋሱም አሸዋ እንደሚያነሳ ጸሐፊው ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?

አንድ ነገር እቀበላቸዋለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ መሐል ከተማ ሆኖ ዱካ ማንሳት አስቸጋሪ ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ብቻ ጦሳ ተራራ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ሰማይ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔ ብቻ ካሜራዬን እያነሳሁ ስወጣ ባለቤቴ የምትለኝን እዚህ አልጽፈውም።

የወሎ እውነተኛ ጠላት ደመናው ሳይሆን ጤዛው ነው፤ ጽሑፉ ግን ስለ ጤዛ ዝም ብሏል። ሐይቅ ዳር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌንሱ ሳይታወቅ ይታፈናል፤ ከዋክብቱ በፎቶው ላይ እየደበዘዙ ሄደው ይጠፋሉ። አንድ ሌሊት እዚያ ቆሜ ሳለሁ ማሳ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው፤ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ጥቂት አዩና «ጥሩ ነው፤ ግን ዶሮ ሳይጮህ ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ጉሙ ከውኃው ይነሳል» አሉ። «እሺ አባቴ» አልኳቸው፤ አልጨረስኩም። ከመጀመሪያው የዶሮ ጩኸት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካሜራዬን ራሱን ማየት አቃተኝ። አሁን አሮጌ ካልሲ ውስጥ ምድጃ ዳር የሞቀ ጠጠር አድርጌ በሌንሱ አንገት ላይ እጠመጥማለሁ። ለጉሙ መድኃኒት የለውም፤ ለጤዛው ግን ሁለት ሰዓት ይገዛልኛል። ባትሪም በብርድ ቶሎ ይወድቃል፤ ተለዋጩን ብብት ሥር መያዝ ነው።

ጸሐፊው ስለ ጅብ የጻፉትን አልፈዋለሁ። ከጅቡ ይልቅ ሰው እንዳይጠረጥራችሁ ተጠንቀቁ። ባለፉት ዓመታት ይህ አገር ብዙ አይቷል፤ በሌሊት ኮረብታ ላይ ሦስት እግር ያለው ነገር ተክሎ የሚያጎነብስ ሰው ፎቶ አንሺ ነው ብሎ የሚገምት የለም። ቀን ሄዳችሁ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሽማግሌዎች አሳውቁ፤ ገዳም አጠገብ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ፤ ብቻችሁን አትውጡ። በአማተር መመሪያ ውስጥ መጀመሪያ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ነበር።

ፎቶው ቀርቶኛል። ከጽሑፉ ጋር የወጣው «በሐይቅ ላይ የተነሳ» ፎቶ ሙሉ ክቦችን ያሳያል፤ ውኃው ከታች፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ልሳነ ምድር በስተ ጎን፣ ክቦቹ ከላይ። ያማረ ነው። ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ ለካሁት። የገዳሙን ልሳነ ምድር ስፋት ከዚያው ዳርቻ ቆሜ ቀን በጡጫ ለክቼው ስለማውቅ፣ በእርሱ መጠን የክቦቹን እንብርት ከውኃው ጠርዝ በላይ ቆጠርኩ። አራት ጡጫ ተኩል ሆነ። ሐይቅ ላይ የሰሜን ኮከብ አንድ ጡጫ ፈቅ ይላል። ክቦቹም ሁሉ፣ ትላልቆቹ ጭምር፣ ውኃውን ሳይነኩ ይዘጋሉ፤ በ11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ይህ አይሆንም።

ውኃው የሐይቅ ነው፤ ልሳነ ምድሩንም አውቀዋለሁ። ሰማዩ ግን የጣልያን ሰሜን ወይም የፈረንሳይ ደቡብ ነው፤ ወደ 45 ዲግሪ አካባቢ።